በይፋ የታወቀች የሽታ ምንጭ

ጭስ ማንም ያጨሳል። ጭሱን ግን እንደ ልብስ አጥቦ፣ እንደ ፖስታ አሽጎ ከባሕር ወለል በታች እንዲቀበር የሚልክ ወረዳ በኖርዌይ ሸለቆዎች ሁሉ ቢፈለግ እንደዚህኛው የተመሰገነ አይገኝም። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ወረዳው ትሑት ስለሆነ ስሙን ራሱ በየአውቶቡሱና በየወተት ካርቶኑ ላይ ጽፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸለቆው ግርጌ ቆሻሻ የሚያቃጥል ፋብሪካ አለ። ከፋብሪካው ጀርባ ደግሞ ግንቦት ላይ የተመረቀ ረጅም ማማ ቆሟል። በማማው ውስጥ አሚን የሚባል ፈሳሽ ይወርዳል፤ ጭሱ ከታች ሲወጣ አሚኑ ካርቦኑን እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። በምረቃው ቀን ከንቲባው ኢንገብሪግት የሹመት ሰንሰለቱን ደረቱ ላይ አጋድሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ማማ የሚወጣው ነገር ከተራራ አየር ይጠራል!» አለ። አንድ መሐንዲስ ጠጋ ብሎ ከእንፋሎቱ ጋር ጥቂት አሚን እንደሚያመልጥ በጆሮው ሹክ ብሎት ነበር። ንግግሩ ግን ቀድሞ ታትሞ ስለነበር እውነቱን የሚያስገባበት ቦታ አልተገኘም።

ከማማው በላይ፣ በተዳፋቱ ላይ፣ የሃልዲስ ቤት ይገኛል። ሃልዲስ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ገንፎ ስታገነፋ ኖራለች። ከንቲባውም ሆነ አብዛኛው የምክር ቤት አባል አጥንቱ የጠናው በእሷ ገንፎ ነው። ባሏ ኦስሙንድ ዕድሜውን የጨረሰው የድንጋይ ካባ ውስጥ ስለሆነ ሳንባው ደካማ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሃልዲስ በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ ከሐይቁ ትራውት አጥምዳ፣ ጨው ነስንሳ፣ በአሥራ ሁለት ባልዲ ምድር ቤቷ ውስጥ ታብላላለች። ራክፊስክ ይሉታል። ሲከፈት ይሸታል፤ መሽተትም አለበት። የሸለቆው ሰው ግን ኅዳር ላይ በስስ ቂጣ ጠቅልሎ፣ ሽንኩርትና እርጎ ጨምሮ ሲበላው ማን እንደሠራው ሳይጠይቅ አያድርም።

ሰኔ ላይ ሸለቆው መሽተት ጀመረ።

የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ጠዋት ጉም ሲተኛ ሽታውም አብሮ ይተኛል። የሰው ዐይን ያለቅሳል፤ ጉሮሮ ይከረከራል። በሦስት ሳምንት ውስጥ አርባ አንድ አቤቱታ ስለደረሰው ምክር ቤቱ አንዳች መዘግየት ሳያሳይ የሽታ ምንጭ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ከአምስቱ አባላት ሁለቱ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፤ ይህም ከአድልዎ የጸዱ ያደርጋቸዋል ተብሎ ተመሰገነ። ኮሚቴው በጥልቀት ተወያየ። ሽታው የዓሣ ነው፤ ማማው ውስጥ ዓሣ የለም፤ ስለዚህ ማማው ነጻ ነው። ዓሣ ያለው ማን ነው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚለው ብሂል ኖርዌይ ባይደርስም ሥራው ደርሷል።

ከንቲባው ኮሚቴውን አስከትሎ የሃልዲስን በር አንኳኳ።

«ሃልዲስ፣ እርስዎ ዘንድ ዓሣ ይገኛል?»

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት? አፍንጫህን ስጠርግልህ አንቺ ነበርኩ።»

«የመጣሁት በሥራ ነው።»

«እሺ፣ ዓሣ አለኝ። አሁን ግን ሐይቅ ውስጥ ነው።»

«ሐይቅ ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«ይዋኛላ! ወሩ እኮ ሰኔ ነው። እኔ የማጠምደው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ና፣ ባልዲዎቹን እያቸው።»

ከንቲባው ወደ ምድር ቤት ወርዶ በአሥራ ሁለቱም ባልዲ ውስጥ ጭንቅላቱን እየነከረ አሸተተ። ባልዲዎቹ ባዶ ናቸው፤ ሳሙና ሳሙና ይላሉ። ቀና ብሎ ለጸሐፊው፣ «ማስረጃው ታጥቧል ብለህ ጻፍ» አለው።

«ያልተጠመደ ዓሣ እንዴት ይሸታል፣ ኢንገብሪግት?»

«ይህ የጥንቃቄ መርህ ይባላል። ጥፋቱ እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅም።»

ኦስሙንድ ከውጭ በምድር ቤቱ መስኮት ብቅ ብሎ እያሳለ፣ «ዐይኔን የሚያቃጥለኝም ያልተጠመደው ዓሣ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የእርስዎ ዐይን በአጀንዳው አልተያዘም» አለው ከንቲባው በአክብሮት።

በሳምንቱ ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ ባልዲ ቁጥር ይለጠፍበታል። ሃልዲስ ጠዋትና ማታ የሽታውን መጠን ከዜሮ እስከ አሥር ባለው መለኪያ መዝግባ ታቀርባለች። ማማውንስ ማን ይለካዋል? ፋብሪካው ራሱ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለራሱ አስቀድሞ አሳውቆ። ሃልዲስ ቅጹን በጥንቃቄ ሞላች፦ «ባልዲ ቁጥር አንድ፣ ባዶ። ሽታው ከውጭ የሚመጣ።» ቅጹ ተመለሰላት። «ከውጭ የሚመጣ» የሚል ሣጥን የለውምና።

ይህን ሁሉ በሳቅ ልታልፈው ሞክራ ነበር። ሱቅ ውስጥ ሰልፍ ስትይዝ ከፊቷ ያሉት ሰዎች አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ግን ሳቋ ጠፋ። አንዲት ጎረቤቷ ሃልዲስ ባለፈው ዓመት የሰጠቻትን የእንጆሪ ማርማላታ ሳትከፍተው መልሳ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችው። ሃልዲስ ብልቃጡን ወጥ ቤት አስገብታ ከመደርደሪያው ጥግ ሸሸገችው። ኦስሙንድ ደግሞ ጉም በወረደ ቁጥር ሳሉ ይብስበታል፤ ጠዋት ትራሱን ተደግፎ ተቀምጦ ታገኘዋለች። የጤና ጣቢያው ሐኪም የወረዳውን ደብዳቤ አንብቦ ስለነበር ከዓሣ እንዲርቅ መከረው።

ነሐሴ ሲያልቅ ሃልዲስ መረቧን አነሣች። «የት ልትሄጂ ነው?» አላት ባሏ።

«ላጠምድ።»

«ይህን ሁሉ ብለውሽ?»

«ተወንጅዬ የለ? ሠርቼ ልወንጀል።»

አሥራ ሁለቱም ባልዲ ሞላ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሱኒቫ መጣች። የወረዳውን የመጠጥ ውሃ የምትቆጣጠር፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ጃኬቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ሃልዲስ፣ ሐይቁን ለካሁት።»

«ሐይቁ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ከማማው የሚያመልጠው አሚን አየር ላይ ከፋብሪካው ሌላ ጭስ ጋር ይገናኛል። ፀሐይ ስትጨመርበት ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ኒትሮሳሚን ይሉታል። ዝናብ ሲዘንብ ሐይቁ ላይ ይወርዳል።»

«ሰው ቢጠጣው ምን ያደርጋል?»

«ዛሬ ምንም። ለብዙ ዓመት ሲጠጡት ግን ካንሰር ያመጣል ተብሎ ይፈራል። ለዚህ ነው የተፈቀደው መጠን እጅግ ትንሽ የሆነው። ትልቅ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ጥቂት የጨው ቅንጣት ጣል ብታደርጊ፣ በቃ ያን ያህል ነው።»

«የእኛስ?»

«እጥፍ።»

ሃልዲስ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የኦስሙንድን የውሃ ብርጭቆ አየችው። «ምንም አይሸትም እኮ።»

«አይሸትም። የሚሸተው አሚኑ ነው። ይሄኛው ሽታም ጣዕምም የለውም።»

«ለኢንገብሪግት ነገርሽው?»

«ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት። የሽታው ጉዳይ ሳይዘጋ የውሃው ጉዳይ አይከፈትም፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ችግር እንዲኖረን ደንቡ አይፈቅድም አለኝ። ከዚያ ናሙናውን የምቀዳበትን ቦታ እንድቀይር አዘዘኝ፤ የበረዶው ውሃ ከተራራ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል።»

«እዚያስ እንዴት ነው?»

«እዚያማ እንደ እንባ የጠራ ነው። ቧንቧችን ግን የሚቀዳው ከማዶ ነው።»

ሱኒቫ ከሄደች በኋላ ሃልዲስ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ዓሣዎቹ በጨዋቸው ውስጥ ተኝተው በጸጥታ ይብላላሉ። የዘንድሮው ከሁሉ ዓመት ያማረ እንደሚሆን ከፈሳሹ መልክ አውቃዋለች። አንድ ባልዲ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ዓሣው እስካለ ድረስ የሽታው ጉዳይ ክፍት ነው፤ የሽታው ጉዳይ ክፍት እስከሆነ ድረስ የውሃው ዝግ ነው። በማግስቱ ለከንቲባው ደውላ፣ «ና፣ ምስክር ሁን። ዓሣውን ልጥለው ነው» አለችው።

ኮሚቴው ለዚህ ታሪካዊ ቀን ጋዜጠኛ ጠርቶ ነበር። አሥራ ሁለቱ ባልዲ በወረዳው መኪና ተጭኖ ወደ ቆሻሻ ማቃጠያው ሄደ። በዚህም ማማው ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ገባበት። ከንቲባው፣ «ነገ ጠዋት ሸለቆው አዲስ አየር ይተነፍሳል» ብሎ ፎቶ ተነሣ። ሃልዲስ ፎቶው ላይ የለችም፤ ባዶ ምድር ቤቷን እየጠረገች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ወረደ። ሸለቆው ሸተተ። በሁለተኛው ቀን ባሰበት። በሦስተኛው ቀን ከጉንፋናቸው የተፈወሱት ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሳይቀሩ አሸተቱትና ደነገጡ። ኮሚቴው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም አልተናገረም፤ በወረዳው ታሪክ ይህን ያህል ብልህ ሆኖ አያውቅም።

በአሥረኛው ቀን ኢንገብሪግት ሰንሰለቱን ሳያጠልቅ፣ በጓሮ በር መጣ።

«ሃልዲስዬ፣ ደህና ነሽ?»

ሃልዲስ ከምድጃው ዞር አለች። «ዛሬ ደግሞ አንቺ ሆንኩ?»

«ተይ እንጂ፤ በገንፎሽ ያደግሁ ልጅሽ አይደለሁ?»

«ምን ፈለግህ?»

«ዓሣውን መልሺው።»

«ተቃጠለ እኮ! ራስህ አይደለህ ፎቶ የተነሣኸው?»

«ሌላ እንገዛልሻለን። ከወዲያኛው ሸለቆ፣ አሥራ ሁለት ባልዲ። አንቺ ምድር ቤትሽ ማስቀመጥ ብቻ ነው።»

«ለምን?»

ኢንገብሪግት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የሚመጣው ሐሙስ ከኦስሎ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ሽታው ከየት ነው ይሉናል።»

«ከየት እንደሆነ ንገራቸዋ።»

«ከየትም ሊሆን አይችልም! ያለን ምንጭ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንቺ ከሌለሽበት ሽታው ባለቤት አልባ ሊሆን ነው።»

«እና ማማው መሆኑን ስታውቁ ኖራችኋል?»

ከንቲባው ክብሩ እንደተነካ ሰው ቀላ። «አላወቅንም! ላለማወቅ ስንት እንደደከምን አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ስብሰባ ስንት፣ ኮሚቴ ስንት!»

ከወዲያኛው ክፍል የኦስሙንድ ሳል ተሰማ፤ ረጅም፣ መጨረሻው የሚያፏጭ ሳል። ሃልዲስ እስኪያባራ ጠበቀች። በዚህ ሰው ላይ መጮህ ውሃ መውቀጥ እንደሆነ ገባት፤ ትናንት የሰማውን ነገ ያልሰማ ያደርገዋል። እሱ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት።

«እሺ፣ ምንጩ እሆናለሁ» አለች።

«እውነት?»

«ግን በደብዳቤ። ያለ ወረቀት ባልዲ እንደማይቀመጥ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ምክንያቱም በደንብ ይጻፍ፤ ለምን እንዳስፈለግሁ፣ ዓሣው ከተቃጠለ በኋላ ምን እንደሆነ፣ የውሃውም ጉዳይ ለምን እንደዘገየ። ደንበኛ ደብዳቤ ይሁን፤ እንዲያው ለስሙ የተጻፈ እንዳይመስል።»

የኢንገብሪግት ፊት በራ። ደንበኛ ደብዳቤ ጻፍ ብሎ የጠየቀው ሰው በዕድሜው አልገጠመውም ነበር።

ምክር ቤቱ በጉዳዩ ላይ አራት ሰዓት ተከራከረ። ከአራቱ ሰዓት ሦስቱ የሄደው «ሽታ» ይባል ወይስ «መዓዛ» በሚለው ላይ ነው። ማክሰኞ ደብዳቤው ደረሰ፤ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ማኅተም። ሃልዲስ መነጽሯን አድርጋ ለኦስሙንድ አነበበችለት፦

«ዓሣው በምስክር ፊት ከተወገደ በኋላም ሽታው ከቀድሞው ብሶ በመቀጠሉ፤ ሽታው ከማማው አይደለም የተባለውም ማማውን ሳይለኩ በመተማመን ብቻ የተባለ በመሆኑ፤ በሐይቁ ውሃ ውስጥ ከተፈቀደው እጥፍ ሆኖ የተገኘው ኒትሮሳሚንም የሽታው ጉዳይ እስኪዘጋ በይደር እንዲቆይ በመወሰኑ፤ ሽታው ግን አንድ የታወቀ ምንጭ ስለሚያስፈልገው፤ ወይዘሮ ሃልዲስ ከዛሬ ጀምሮ በይፋ የታወቀች የወረዳው የሽታ ምንጭ ሆና እንድታገለግል ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

ኦስሙንድ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። «ሴትዮ፣ ሹመት በሹመት ሆንሽ እኮ!» አላት ዐይኑን እየጠረገ። እሷም ሳቀች፤ ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

ሐሙስ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። አለቃቸው አጭር፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ አንድ ትልቅ መለኪያ ያዘለች ሴት ናት። ከንቲባው መንገዱን እየመራ፣ ማማውን በጀርባው እየከለለ፣ በቀጥታ ወደ ሃልዲስ ምድር ቤት አወረዳት። ከወዲያኛው ሸለቆ የተገዙት አሥራ ሁለት ባልዲዎች ተሰልፈዋል።

«ምንጩ እርስዎ ነዎት?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«በይፋ» አለች ሃልዲስ።

«ማስረጃ አለዎት?»

ሃልዲስ ከመደርደሪያው ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቆማ አነበበችው። ቀጥላ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እሷ ግን ገና አንድ ባልዲ እንኳ ሳትከፍት ዘንዶው ከነማኅተሙ እጇ ገባ።

«ከንቲባ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«አዎን» አለ ኢንገብሪግት ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ስለ ውሃው የሚለውን አንቀጽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እኔው ነኝ ያረቀቅሁት።»

«በጣም ግልጽ አድርገው ጽፈውታል።»

«አመሰግናለሁ» አለ ከንቲባው፣ ከልቡ።

ተቆጣጣሪዋ መለኪያዋን አንሥታ ከምድር ቤቱ ወጣች። ወደ ማማው ስትሄድ ደግሞ ሱኒቫን አስጠራች፤ ሱኒቫ ሦስቱንም ደብዳቤ በጃኬቷ ኪስ ይዛ መጣች።

ማማው በማግስቱ ቆመ። የሚወጣውን እንፋሎት ደግሞ የሚያጥብ ሌላ ክፍል እስኪሠራለት ሰባት ሳምንት ፈጀ። በሁለተኛው ሳምንት ሸለቆው ሸለቆ ሸለቆ መሽተት ጀመረ፤ እርጥብ ቅጠል፣ የላም አዛባ፣ የተቃጠለ ማገዶ። ኦስሙንድ መስኮቱን ከፍቶ ተኛ። የመጠጥ ውሃ በመኪና ይመጣ ጀመር፤ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ሃልዲስን ከፊት አስቀደማት። ምክር ቤቱም ዝም አላለም፤ «ወረዳችን የራሱን ጉድለት በራሱ ደብዳቤ ያጋለጠ የመጀመሪያው ወረዳ በመሆኑ እንኳን ደስ ያለን» የሚል መግለጫ አወጣ። ለሃልዲስም ነጻ መሆኗን፣ ዓሣዋን እንደ ቀድሞው ማብላላት እንደምትችል የሚገልጽ ወረቀት ተላከላት።

ሐይቅ ግን እንደ አየር ቶሎ አይጠራም። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው መጣ፤ የሱኒቫ ቁጥር ቀስ እያለ ቢወርድም ከልኩ በታች አልገባም። ነሐሴ ሲያልቅ ሃልዲስ መረቧን ተሸክማ ስትወጣ ከንቲባው ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ በመዶሻ ምልክት ሲተክል አገኘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማጥመድ ክልክል ነው።»

«ማንበቡንማ እችላለሁ። ለምን?»

«ውሃው እስኪጠራ . . . ማለቴ፣ እስኪጠና።»

«እንግዲያው እሱ ይጻፍበታ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ባያጠምድ እንኳ ቢጠጣውስ?»

ኢንገብሪግት መዶሻውን አስቀምጦ ግራና ቀኙን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሃልዲስ፣ ምክር ቤቱ ከስህተቱ ተምሯል» አላት።

«እሰይ። ምን ተማረ?»

«ከእንግዲህ ምክንያት አይጻፍም።»

ሃልዲስ መረቧን ይዛ ወደ ቤቷ ወረደች። ኦስሙንድ የምልክቱን ነገር ስትነግረው ለመስኮቱ ከተገዛው ቀለም የተረፈውን ቆርቆሮና ብሩሽ አቀበላት። እኩለ ቀን ላይ ተመልሳ ከምልክቱ ሥር በወፍራም ነጭ ፊደል፣ «ከማማው የወጣው አሚን በዝናብ ወርዶ ውሃውን ስለበከለ። አትጠጡት» ብላ ጻፈች፤ ከታች ስሟን አኖረች።

ምክር ቤቱ በሳምንቱ ጽሑፉን የሚያጠፋ ኮሚቴ አቋቁሟል። ጽሑፉን ለማጥፋት ግን ምክንያት መጻፍ ስለሚያስፈልግ ኮሚቴው እስካሁን ሥራ አልጀመረም።